የገባብኝ ጎል

ደሴ ውስጥ ሰው እኔን ሲያስተዋውቅ ሥራዬን አይናገርም። የማን ልጅ እንደሆንኩም አይናገርም። «ያ ጎል የገባበት እሱ ነው» ይላል። በቃ። እንግዳው ቀና ብሎ ያየኛል። ዓይኑ ይበራል። ከዚያ በሁለት እጁ ይጨብጠኛል፤ ከዘመቻ በሕይወት የተመለስኩ ይመስል። አንዳንዱ እጄን አይለቅም። ገልበጥ አድርጎ ያየዋል።

«የተሰበረው ይኼኛው ነው?» ይላል።

እጄ ተሰብሮ አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ የበርበሬ ወንዝ ሰፈር። ደሴ ስኖር ግን 20 ዓመት አለፈኝ። ሁለቱን ከተሞች የማያውቅ ሰው «25 ኪሎ ሜትር አይደል እንዴ? ምን ልዩነት አለው?» ይላል። ይህን የሚል ሰው በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ጋደም ብላ ፀሐይ ትሞቃለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተሸጉጣ ጉም ትለብሳለች። ታች በሸሚዝ ትሳፈራለህ። ላይ ስትወርድ ጋቢ የሚሸጥበት ሱቅ ትጠይቃለህ።

ኩራታችንም እንደ አየሩ ለየቅል ነው። አውሮፕላን ማረፊያውን ውሰዱ። ያለው ኮምቦልቻ ነው። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው የሦስት ፊደል ኮድ ግን ከደሴ ስም የተወሰደ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ይህን ሲያስብ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። የደሴ ሰው ደግሞ «አውሮፕላኑማ ወደ እኛ ነበር የሚመጣው፤ ጉሙን ፈርቶ እናንተ ጋ አረፈ እንጂ» ይላል። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። ቢራ ፋብሪካ አላት። ደረቅ ወደብ አላት። በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመርቆላታል። «እኛ ጨርቅ እናመርታለን፣ ቢራ እናመርታለን፤ ደሴ ወሬ ታመርታለች» ትላለች።

ደሴ አትቆጣም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ትጠቁማለች። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ማን ማን እንደተማረ መቁጠር ትጀምራለች፤ ቆጠራው ሳያልቅ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ሁሉም ካላዋጣት ስሟን ታነሳለች። ዐፄ ዮሐንስ በ1875 እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ያወጡላት ስም ነው ይባላል። «የናንተን ከተማ ስም ማን አወጣው? ስንት ኮከብ ታየ?» ስትል ኮምቦልቻ ዝም ትላለች። ቦርከና ወንዝ እንኳ ከደሴ በኩል ነው ወደ ታች የሚወርደው። «እጣቢያችንን ነው የምትጠጡት» የሚል የደሴ ሰው አጋጥሞኛል። አማቴ ናቸው።

ሁለታችንን አንድ ያደረገን ነገር ቢኖር ወልዲያ ነው። በ2009 ወልዲያ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ስታስመርቅ ደሴና ኮምቦልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ዝም አልን።

ይህ ሁሉ ነገር ሜዳ ላይ የሚወራረደው በትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። ክለብማ አለን። ደሴ ከተማም አለ፣ ወሎ ኮምቦልቻም አለ። የክለብ ተጫዋች ግን ከየትም ይመጣል፣ የትም ይሄዳል። የትምህርት ቤት ተጫዋች የጎረቤት ልጅ ነው። የእናቱን ሽሮ ታውቀዋለህ። ስንት ዓመት እንደደገመም ታውቃለህ። እሱ ሲያገባ ሰፈሩ በሙሉ እንዳገባ ነው። ሲገባበትም እንደዚያው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ጀግና የሌለው ትምህርት ቤት አልነበረም። በእኔ ዘመን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ፔሌ ነበረው። ሁለት ማራዶና ያለበትም አውቃለሁ፤ አንዱ የጠዋት ፈረቃ፣ አንዱ የከሰዓት ፈረቃ። የኛ የኮምቦልቻው ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ተከላካይ ነበረው። ጎረምሳው አንድ ቀን በቴስታ ያወጣት ኳስ ቦርከና ውስጥ ገባች። ከሦስት ቀን በኋላ ከሚሴ አካባቢ ተገኘች ይባላል። ያገኛት ሰው ማን እንደሆነ፣ የኛ ኳስ መሆኗንስ በምን እንዳወቀ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። የአገር ኩራት ላይ ደረሰኝ አይጠየቅም።

ጀግኖቹ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ታሪክ አላቸው። ጊዮርጊስ ሊወስዳቸው ነበር። መልማይ መጥቶ አይቷቸዋል። ደብዳቤ ተጽፎላቸዋል። ደብዳቤው ግን እጃቸው አልገባም። የአንዱን እናቱ ከሰል አቀጣጠለችበት። የሌላውን አባቱ «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ብሎ ቀደደው። የሦስተኛውን ፍየል በላችው። ይህን የነገረኝ ራሱ ባለታሪኩ ነው፤ የፍየሏን የልጅ ልጅም አሳይቶኛል። ደብዳቤው ባይጠፋ ደግሞ ጉልበቱ ይሄዳል። ደሴ ከሆናችሁ ጉልበቱን የመታው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ የደሴ ልጅ ነው። ከሁለቱ ከተሞች ብቻ ጊዮርጊስ ሊወስዳቸው የነበሩት ቢሰበሰቡ አንድ ሙሉ ሊግ ይወጣቸዋል።

የእኔ ሰውዬ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ ነው። እውነተኛ ስሙን አልጽፍም። በሕይወት አለ፣ ሱቅ አለው፣ ልጅ ድሯል። ቅጽል ስሙንም አልጽፍም፤ እሱን ከጻፍኩማ ደሴ ሁሉ ያውቀዋል። የተማረበትንም የእኔንም ትምህርት ቤት አልጠራም። እዚህ ወግ ውስጥ ሴባስቶፖል እንበለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩት መድፍ ነው፤ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሟል። ልብ በሉ፣ ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ የሚወራው አጎታተቱ ነው። ስለ ተኩሱ ብዙ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ስሙን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ዛሬ ደሴ ውስጥ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሆጤ ሜዳ ነው። ትምህርት ቤቱ ከኮምቦልቻ ከመጣ ቡድን ጋር ባዶ ለባዶ ነው። ሊያልቅ ደቂቃዎች ቀርተዋል። የኮምቦልቻው በረኛ ትዕቢተኛ ነው፤ ጨዋታውን ሙሉ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነው የቆመው። ሴባስቶፖል መሀል ሜዳ ላይ ኳሷን አገኘ። ቀና ብሎ በረኛውን አየ። እግሩን አነሳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኑ የተከተለ የለም። ኳሷ ጅራት አውጥታ ሄደች። የበረኛውን እጅ ሰበረች። መረቡን ቀደደች። ቋሚው እስከ ማግስቱ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

ርቀቱ ሲጀመር መሀል ሜዳ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ጎሏ የገባችው ከ16 ሜትር ነው። ትምህርት ጨርሼ ስወጣ 25 ደርሳለች። ሥራ ስይዝ 35። ትዳር ስይዝ መሀል ሜዳ። ደሞዜ በዚህ ፍጥነት አድጎ አያውቅም።

የተመልካቹም ቁጥር አብሮ አድጓል። «ያን ቀን ሆጤ ነበርኩ» ያለኝን ሰው ሁሉ ልጋብዝ ብል አይጠየፍ አዳራሽ አይበቃኝም። አንዱን ዕድሜውን ጠየቅሁት። ነገረኝ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ያኔ አልተወለደም። ይህንኑ ነገርኩት።

«እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና ነበረች» አለኝ።

ምን ልበለው?

ሻይ ቤት ገብታችሁ ስለ ሌላ ኳስ ማውራት አትችሉም። ኢትዮጵያ በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አራተኛዋን ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ይህን ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አነሳሁ። አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «መንግሥቱ ጎበዝ ነው፤ አይካድም» አሉ። «ግን ኸመሀል ሜዳ ሞክሮ ያውቃል?» አገሪቱ 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ስትርቅ ባለሙያ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። ደሴ የምታውቀው ምክንያት አንድ ነው፤ ሴባስቶፖል አልተጠራም። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ቡና ቤት ነበርኩ። ሰዉ ወንበር ላይ ወጣ። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ብቻ ንቅንቅ አላለም። «ደህና ነች» አለ። «መረቡን ግን አልቀደደችም።» ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። እንድመሰክርለት ነው።

መሰከርኩለት።

እውነቱን ልናገር። 30 ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚህ በላይ ሆዴ አይችልም።

ከኮምቦልቻ የወጣነው በአይሱዙ ነው፤ ከኋላ ተጭነን፣ ቆመን። ሐረጎ ላይ ሁለት ተከላካይና አንድ አጥቂ አስመለሳቸው። አሰልጣኛችን የስፖርት አስተማሪው ነበር፤ እሱንም አስመለሰው። ማሊያ ትምህርት ቤቱ ሰጥቶናል። ቁምጣ ግን ከየቤታችሁ ተባልን። የእኔ ቁምጣ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ወፍራም ነው። ላስቲኩ ደግሞ እሱ ሳይለብሰው በፊት የደከመ ነው። እናቴ በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ። መርፌ ቁልፉ ሐረጎ ላይ አንድ ጠመዝማዛ ስንዞር ጠፋ።

ስለዚህ ጨዋታውን ሙሉ አንድ እጄ ወገቤ ላይ ነበር። ቁምጣዬን ይዤ ነው። ከግቡ ጀርባ ያሉት የደሴ ልጆች ግን «እዩት እዩት፣ ንቀቱን!» ይሉኛል። እውነቱን ብነግራቸው ከዚህ ይብስ ነበር። ዝም አልኩ። ፊቴንም ትንሽ ኮራ አደረግሁት።

ወደ መጨረሻ አካባቢ ጉሙ ከጦሳ ወረደ። የደሴ ጉም ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ቀድሞ የወዲያኛው በረኛ ጠፋ። ከዚያ መሀል ሜዳው ጠፋ። ኳሷ ከጉሙ ውስጥ ወጣች፤ ሴባስቶፖልም ተከትሏት ወጣ። ከ16 ሜትር ውስጥ ነበር። ምናልባት 11 ሜትር። ሊያጠናግራት እግሩን አነሳ። ጭቃው አንሸራተተው። ኳሷን በተረከዙ ይንካት በቁርጭምጭሚቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ በጀርባው ዘፍ አለ። ኳሷ ወደ እኔ መጣች። መጣች ማለት ራሱ ማጋነን ነው። ተንከባለለች። የታመመች ዶሮ አካሄድ ነበራት።

አይቻታለሁ። በደንብ አይቻታለሁ። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በሁለት እጄ።

ከግቡ በስተቀኝ ሴት ተማሪዎች ቆመዋል። ጉሙ እነሱ ጋ ሳስቷል፤ አንዷ ስትስቅ ጥርሷ ይታየኛል። አስቡት እንግዲህ። 11ኛ ክፍል ነኝ። ኳሷን ልያዝ ቁምጣዬን? ዋንጫ በሚቀጥለው ዓመትም አለ። ቁምጣ ወልቆ ግን በሚቀጥለው ዓመት አይረሳም። ቁምጣዬን ያዝኩ። በቀረው እጄ ለኳሷ ጎነበስኩ። ጠጠር ነክታ ዞር አለች። በእግሮቼ መሀል አለፈች።

መረብ አልነበረም። ስለዚህ አልተቀደደም።

ሰዉ በጉሙ ውስጥ ያየው ሦስት ነገር ነው። ሴባስቶፖል እግሩን ሲያነሳ። እኔ ስጎነበስ። ዳኛው ወደ መሀል ሲጠቁም። በመካከል የጎደለውን ደሴ ራሷ ሞላችው።

ስንመለስ አይሱዙው ላይ የቡድኑ አምበል «እንዴት ገባችብህ?» አለኝ። «አላየኋትም» አልኩ። ውሸቴ በዚህች ቃል ጀመረች። እኛ ኮምቦልቻ ሳንገባ ቃሏ ደሴ ተመለሰች። በማግስቱ «በረኛው ራሱ አላየኋትም ብሏል፤ ኸፍጥነቷ የተነሳ!» ተባለ። ኮምቦልቻም ለክብሯ ስትል ተቀበለችው። ተራ ጎል ገባብን ከማለት መዓት ወረደብን ማለት ይሻላል። የፊዚክስ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ሠርቶ አሳየን። 650 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ኳስ ይፈጥናል። ቀመሩ ልክ ነው። የጎደለው ቁምጣው ብቻ ነበር። ሌላው «ብርዱ እጁን አድርቆት ነው» አለ። ሌላው «ዳኛው ምሳ የት በላ? ደሴ በላ!» አለ። ዳኛውማ ምሳ የት ሄዶ ይብላ?

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ኳሷ ቀርፋፋ ከሆነች እኔ ሞኝ ነኝ። ኳሷ መብረቅ ከሆነች እኔ መብረቅ የመታኝ ሰው ነኝ። መብረቅ በመታው ሰው የሚስቅ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ አምስት አምስት ሜትር ከሚጨምሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እሱን ከፍ ባደረግሁት ቁጥር እኔም አብሬ እወጣለሁ።

ጥቅሙንም አይቻለሁ። ሚስቴ የደሴ ልጅ ነች፤ የሰኞ ገበያ። ሽማግሌ ላክሁ። አማቴ «ሥራው ምንድን ነው?» አሉ። ነገሯቸው። ዝም አሉ። «ቤት አለው?» አሉ። የለውም። ዝም አሉ። «አገሩስ?» ኮምቦልቻ። ይህኛው ዝምታ ረዘመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጨነቀው።

«ያ ጎል የገባበት ልጅ እኮ ነው» አለ።

አማቴ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «የገባበት ነው አሁን ሊያገባ የመጣው?» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «ያንን ምት ቆሞ የጠበቀ ሰው ልጄንም ይጠብቃታል። ሰጥቻለሁ።»

የሠርጉ ዕለት የሚስቴ አጎት እጄን ለማየት ጠየቁ። ቀኝ እጄ ላይ ልጅ ሆኜ ቆርቆሮ የቆረጠኝ ጠባሳ አለ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። እጄን ብቻ ዘረጋሁ። «ወይ ጉድ! ሀቂቃ ነው!» አሉ። ፊቴ ቀላ። ሙሽራ ስለሆንኩ ማንም አልጠረጠረም።

ሴባስቶፖልማ ምን ይባላል! ሻይ ከፍሎ አያውቅም። የዕድር ዳኛ የሆነው በዚያች ጎል ነው። ሰፈሩ ስለ ውሃ መስመር ሲሰበሰብ እሱ ሲናገር ይጨበጨባል፤ የሚናገረው ቀድሞ የተናገረው ሰው ያለውን ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሱ ይጠራል። አንድ ጊዜ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች አጥሩ የት ይሁን ብለው ለእሱ ሰጡት። «ርቀት እሱ ያውቃል» ተባለ።

በአንድ ከተማ 20 ዓመት ስንኖር ሠርግ ላይ እንገናኛለን፣ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። ሰላምታችን አጭር ናት። ስለ ጎሏ አንስተን አናውቅም። አንድ ጎተራ የዘረፉ ሁለት ሰዎች ገበያ ላይ ሲተያዩ እንዲህ ይመስለኛል። እሱ ግን ምን እንዳየ አላውቅም ነበር። በጀርባው ወድቋል። ምናልባት ራሱም አምኖት ይሆናል እያልኩ እኖር ነበር።

አምና የአንድ ውድድር አዘጋጆች ቤቴ መጡ። የተማሪዎች ውድድር ሊከፈት ነው። ለታዳጊዎች አርአያ እንዲሆን ያቺ ጎል በሕያው ትታይ ብለዋል። ያው መቺ፣ ያው በረኛ፣ ያው ሆጤ። ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ማኅተም ያለው። ለሴባስቶፖልም ተጽፎለታል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኳስ ደብዳቤ እጁ ገባ።

እኔ ገበያ ወርጄ ቁምጣ ገዛሁ። ላስቲኩን እዚያው አሥር ጊዜ ስቤ ለቀቅሁት። ሻጩ «ለወንጭፍ ነው እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። ጉም የለም። ፀሐይ ወጥታለች፤ የደሴ ፀሐይ ለክፋት ስትፈልግ ትወጣለች። ተማሪው ሜዳውን ከቦታል። ሞንታርቦው ይጮኻል። ሴባስቶፖል አዲስ ቱታ ለብሷል። ጉልበቱን ያመዋል፤ ስኳርም አለበት። አስተዋዋቂው ኳሷን ራሱ ወስዶ መሀል ሜዳ ላይ አስቀመጠለት። ቆሜ ሳየው አዘንኩለት። ከዚያ የመታት ኳስ እኔ ጋ ለመድረስ መሳፈር ይኖርባታል።

መታት። 16 ሜትሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

ሜዳው ጸጥ አለ። ጦሳን የሚያህል ጸጥታ ነው። አስተዋዋቂው ጎበዝ ነበር። «ማሟሟቂያ!» አለ። ተማሪው አጨበጨበ። ሴባስቶፖል ኳሷ ወዳለችበት መጣ። ወደ መሀል አልመለሳትም። ጎንበስ ብሎ እዚያው አደላደላት። «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ተባለ። አልሰማም። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ግራ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። የቱታውን ላስቲክ ያዘ። ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ሳብ፣ ሳብ።

ደሜ ቀጥ አለ። አይቷል። በጀርባው ተኝቶ፣ ጉሙ ከመሬት ትንሽ ከፍ ባለበት በኩል፣ ከደሴ ሕዝብ ሁሉ ዝቅ ብሎ አይቶኛል። 30 ዓመት ሙሉ ያውቃል። ሻዩን በነፃ ሲጠጣ ያውቃል። ሠርጌ ላይ መጥቶ ሲበላም ያውቅ ነበር።

የቁምጣዬ ላስቲክ ጠንካራ ነው። ግን እጄን አንስቼ ወገቤ ላይ አደረግሁ።

«እዩት! እስከ ዛሬ ትዕቢቱ አልለቀቀውም!» አለ አንድ ተማሪ ከኋላዬ።

ሴባስቶፖል ተንደረደረ። ተንደረደረ ልበልለት። ኳሷ መጣች። አካሄዷን አወቅሁት፤ ያቺው ዶሮ ናት። በአንድ እጄ ጎነበስኩ። ጠጠር ብፈልግ የለም። እግሬን ከፈትኩላት። አለፈች፣ መስመሩን ተሻገረች፣ መረቡ ጋ ሳትደርስ ቆመች።

«ጎ—ል!» አለ ሞንታርቦው። «ያቺው ናት! ሳትጨመር ሳትቀነስ ያቺው ናት!»

በዚያ ሜዳ በሞንታርቦ የተነገረ እውነት ቢኖር ይሄ ነው። ተማሪው ሜዳውን ወረረው። ሴባስቶፖልን ተሸከሙት። ሲያወርዱት መጥቶ አቀፈኝ። ሰው ሁሉ አለቀሰ።

«አሁንስ ላስቲኩ ደህና ነው?» አለኝ ጆሮዬ ሥር።

«አዲስ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ከፒያሳ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ልጅ ነው፤ ፂም እንኳ ገና አላወጣም። ትንሽ እንደሄድን በመስታወቱ አየኝ። አላወቀኝም።

«ጋሼ፣ ትናንት ሆጤ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አመለጠኝ። ኸበረኛው ጀርባ የነበረ ልጅ ነው የነገረኝ። ሰውየው በዚያ ዕድሜው ደገማት አሉ! ኸመሀል ሜዳ! በረኛው ወድቆ በሰው ድጋፍ ነው የተነሳ።»

«ስንት ሜትር ይሆናል?» አልኩት።

ማርሽ ቀየረ። አሰበ። «ሃምሳ አይሞላም?»

«ሃምሳ?» አልኩ። ቅር አለኝ። «ኧረ ስልሳ ነው፤ ቆሜ ያየሁትን።»